«ኤፍ 1 ይጫኑ»፦ ዕቃው ሲታመም ኮምፒውተሩ ለባለቤቱ ምን ይበለው?

ድሬዳዋ ላይ ለሶፍትዌር ተማሪዎች፣ ለጥገና ባለሙያዎችና ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች የቀረበ ንግግር፤ ከተቀዳው ድምፅ እንደወረደ የተጻፈ።

ሰላም ለሁላችሁ! አሰላሙ ዐለይኩም! አካም ጅርቱ! ኢስካ ወራን! ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት ሰው ከጥላው አይወጣም፤ እናንተ ግን ፀሐዩን ጥሳችሁ መጥታችኋል፤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ፤ ቶሎ አልጨርስም።

ሥራዬ ጥገና ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ኮምፒውተር ስከፍትና ስዘጋ ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ ታይዋን ገበያ በሰው ሱቅ፣ አሁን ሳቢያን በራሴ። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ብልሽት ሳይሆን ብልሽቱን ስለሚነግረን ጽሑፍ ነው። ዕቃው ሲታመም ስክሪኑ ላይ ብቅ ስለምትለው፣ ስለዚያች አንድ ወይም ሁለት መስመር። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ያቺ መስመር ሰውን ምን ታስደርገዋለች? ሁለተኛ፣ ማሽኑ የሚያውቀው ነገር እኛ ጋ ሳይደርስ የት ይቀራል? ሦስተኛ፣ በማን ቋንቋ ነው የምትናገረው? እዚህ ውስጥ ነገ ሶፍትዌር የምትጽፉ ልጆች አላችሁ። በተለይ ለእናንተ ነው የመጣሁት።

ከአንድ ፎቶ ቤት ልጀምር። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። የድሬን ሰርግ ግማሹን ያነሱ ሰው ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም። አንድ ቀን ዴስክቶፓቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። «ዛሬ አልነሳ አለኝ» አሉ። ሰካሁት። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጠጋኞች ያንን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ሆድ ያባባል።

«ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ምንም አላሳየዎትም?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም! እንደ ወትሮው ነው። ጠዋት አበራዋለሁ፣ ጥቁሩ ይመጣል፣ ኤፍ 1 እጫናለሁ፣ ይገባል።»

«ኤፍ 1 ለምን ይጫናሉ?»

«እሱ አይደል እንዴ ማስነሻው?»

አራት ወር ያህል እንደዚያ ነው የሠሩት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የነበረው ጽሑፍ ምን እንደሚል ለምታውቁትም ለማታውቁትም ልንገራችሁ። «የዲስኩ ሁኔታ መጥፎ ነው፤ ፋይልዎን ኮፒ አድርገው ዲስኩን ይቀይሩ። ለመቀጠል ኤፍ 1 ይጫኑ» ነው የሚለው። በእንግሊዝኛ፣ በሁለት አጭር መስመር።

እስቲ አስቡት፤ መልእክቱ ትክክል ነበር! የትኛው ዕቃ እንደታመመ ተናግሯል። ምን መደረግ እንዳለበት ተናግሯል። እኔ በሙያዬ ካየኋቸው መልእክቶች ሁሉ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው? ከእጅ የሚጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም «እለፍ» የሚለው ነው። ኮፒ ለማድረግ የሚጫኑት ቁልፍ የለም። የመጀመሪያው ቀን ኤፍ 1። አሥረኛው ቀን ኤፍ 1። መቶኛው ቀን ኤፍ 1። ዲስኩ እየባሰበት ሲሄድ ጽሑፉ አንድ ፊደል አልተቀየረም። ሰው በየቀኑ የሚያየውን አንድ ዓይነት ነገር ማንበብ ያቆማል፤ እጁ ግን የለመደውን ያደርጋል። ማስጠንቀቂያው ራሱ፣ ማስጠንቀቂያን ማለፍ አስተማራቸው።

ይህ እንዴት ያለ ዕድል እንደነበረ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 2007 የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮች ተከታትለው ያገኙትን አሳትመዋል። ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ የመጀመሪያዋን ስህተት ካገኘ በኋላ፣ በ60 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ምንም ካልታየበት ዲስክ በ39 እጥፍ ይበልጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋና በሆኑት ምልክቶች ላይ ምንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ማስጠንቀቂያ አያገኝም። ጋሼ አግኝተው ነበር። አራት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ! ያንን ዕድል የበላው የጽሑፉ አሠራር ነው፤ እሳቸው አይደሉም።

በኋላ እንዳጫወቱኝ፣ ያንገበገባቸው የገንዘቡ ነገር አልነበረም። አባታቸው ያረፉባቸው ልጆች የእህታቸውን ሰርግ ፎቶ ሊያሳጥቡ መጡ፤ አባትየው የሳቁበት ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። «የለም» ማለት ከበዳቸው። ይህን የምነግራችሁ ላስለቅሳችሁ ፈልጌ አይደለም። የሃርድዌር መልእክት ስትጽፉ ከሱ ወዲያ ማን እንደቆመ እንድታዩት ነው።

ሌላ ደግሞ ላምጣ፤ ይህ አጭር ነው። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ፕሪንተሯ አልሠራ አላትና ጠራችኝ። ትንሿ መስኮት ላይ «ሎድ ሌተር» ይላል። እሷ ምን አደረገች? ሌተር ማለት ደብዳቤ ነው፤ ሎድ ማለት ጫን፣ አስገባ ነው። ፊርማ ያስፈረመችበትን ደብዳቤ መልሳ ወረቀት ማስገቢያው ውስጥ ከተተችው። ተሳስታለች? አልተሳሳተችም! ያነበበችው የተጻፈውን ነው። ማሽኑ ሊል የፈለገው ግን «ሌተር የሚባለውን ወረቀት አስገቡ» ነበር። ሌተር አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት የወረቀት መጠን ነው፤ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። እኛ ጋ ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙት ኤ4 ነው፤ 210 በ297። ፋይሉ በሌተር መጠን ተዘጋጅቶ ማስገቢያው ውስጥ ኤ4 ስላለ ነው የቆመው። መፍትሔው ወረቀት መጨመር ሳይሆን የፋይሉን መጠን ወደ ኤ4 መለወጥ ነው። ይህንን የሚል አንድም ቃል እዚያ መስኮት ላይ የለም። በአገራችን በዚህ ምክንያት የሚባክነው ሰዓት ያሳዝነኛል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ፤ ለሶፍትዌር ልጆች ዋናው ይህ ነው። እባካችሁ እዚህ ጋ ስልካችሁን አስቀምጡልኝ።

ማሽኑ ብዙ ነገር ያውቃል። ሃርድ ዲስክ አንድ ቦታ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ሲያቅተው «ይህ ሴክተር አልነበብ አለኝ» ብሎ ቦታውን በቁጥር ይናገራል። መረጃው በገመዱ ሲያልፍ ከተበላሸ ደግሞ ያ ሌላ ብልሽት ነው፤ እሱንም ለይቶ ይቆጥራል፤ ስማርት በሚባለው የዲስኩ መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ 199ኛው ቁጥር ላይ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው «ዲስኩ እየሞተ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው «ገመዱን ተጠራጠር» ማለት ነው። አንዱ ብዙ ብር ነው፤ ሌላው በሻይ ዋጋ ላይ ትንሽ ቢጨመርበት ነው።

ሊኑክስን ውሰዱ፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን የሚያዝዘው የሥርዓቱ እምብርት፣ ሁለቱንም ይሰማል። ደጋግሞ ሞክሮ አልሆን ሲለው በራሱ መዝገብ ላይ በዝርዝር ይጽፋል። ፋይሉን ለጠየቀው ፕሮግራም ግን የሚያቀብለው አንዲት ቁጥር ነው፤ 5። ትርጉሟ «የማስገባትና የማስወጣት ስህተት» ነው። ገመድም ቢሆን 5፣ ዲስክም ቢሆን 5። ፕሮግራሙ በተራው ይቺን ይቀበልና ለሰውዬው «ፋይሉ ሊከፈት አልቻለም» ይለዋል። በቃ! ዲስኩ ዘርዝሮ የተናገረው ነገር ሰውዬው ጋ ሲደርስ ሦስት ቃል ሆነ።

እኛ የባቡር ከተማ ሰዎች ነን። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው፤ ከተማዋም የቆመችው በእሱ ነው። ከጅቡቲ የተጫነ ሳጥን ላይ «መስታወት ነው፣ በቀስታ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። በየጣቢያው አንዳንድ ሰው ጽሑፉን በጥቂት በጥቂቱ እየላጠ ቢያሳልፈው፣ ድሬ ላይ የሚያወርደው ልጅ ምን ያውቃል? እንደ ሌላው ሳጥን ይወረውረዋል። መስታወቱን ማን ሰበረው ትላላችሁ?

አንድ ነጋዴ ደንበኛዬ ከሌላ ቦታ ሁለት አዲስ ዲስክ ገዝቶ፣ ሁለቱም «ተበላሹብኝ» ብሎ መጣ። ዲስኮቹ ደህና ነበሩ። ገመዱ ነበር። የሁለት ዲስክ ዋጋ የወጣው በየደረጃው በተላጠው ጽሑፍ ነው።

እኔም ሰው ጎድቻለሁ። ሥራ ከጀመርኩ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጨረሰ ያለ ተማሪ ኮምፒውተሩን አመጣ። በየሰዓቱ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ከፈረንጆቹ 2012 ወዲህ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ያዘነ ፊት ነበረው፤ «ፒሲዎ ችግር ገጥሞታል፣ እንደገና መነሳት አለበት» ይል ነበር። ችግር! ምን ዓይነት ችግር? ከታች በትንሹ የተጻፈ ኮድ ነበረ፤ ቁጥሩ 124 የሆነው። ያ ቁጥር ዊንዶውስ «የሃርድዌር ብልሽት ነው» የሚልበት ነው። ይህን የማወቂያ ክፍል ዊንዶውስ ቪስታ ከሚባለው የድሮ እትሙ ዘመን ጀምሮ በውስጡ አለው። ያውቃል ማለት ነው! እኔ ግን አላወቅኩም። ፎርማት አደረግኩት። ተመለሰ። እንደገና ፎርማት አደረግኩት። ተመለሰ። በሦስተኛው ልጁ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ማስረከቢያው ደርሶበታል። በመጨረሻ ፓወር ሰፕላዩን፣ ኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ዕቃ፣ በሌላ ቀየርኩት፤ ሰማያዊው ስክሪን ጠፋ። መብራት እየሄደ እየመጣ ያደከመው ፓወር ሰፕላይ ነበር።

አሁን ይህን ከሊኑክስ ጋር አስተያዩት። ኤምሲኢሎግ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፕሮሰሰሩ የሚናገረውን የብልሽት ኮድ የሚፈታ። ከሚያወጣቸው መስመሮች አንዱ በአማርኛ ቢገባ እንዲህ ነው፦ «የሃርድዌር ስህተት። ይህ የሶፍትዌር ችግር አይደለም! እባክዎ የሃርድዌር አቅራቢዎን ያነጋግሩ።» አይደለም የምትለዋን ቃል በትልልቅ ፊደል፣ በኮከብ አጅበው ነው የጻፏት። እኔ ያቺን «አይደለም» በዚያ ሳምንት አግኝቼ ቢሆን ኖሮ! ሁለት ፎርማት፣ የአንድ ልጅ አሥራ አንድ ቀን ይተርፍ ነበር። መልእክት ስትጽፉ ምን እንደሆነ ባታውቁ እንኳ ምን እንዳልሆነ ካወቃችሁ፣ እሱን ጻፉት። አደራ!

ግን ይህም መልእክት ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ተራው ሰው የማይከፍተው መዝገብ ውስጥ ነው የሚጻፈው። ሁለተኛ፣ «አቅራቢዎን ያነጋግሩ» ይላል። ታይዋን ገበያ የተገዛ፣ ከሦስት እጅ የዞረ ኮምፒውተር አቅራቢው ማን ነው? ሰውዬው ባለበት ቦታ ሊያደርገው የማይችለውን ነገር መምከር ምክር አይባልም። «የሚያምኑት ጠጋኝ ጋ ይውሰዱ፤ ይህን ቁጥርም ያሳዩት» ቢል ኖሮ በዚህች ከተማ ውስጥ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠነቅቅ። ግልጽ ይሁን ስንል ማሽኑ ያላወቀውን እንዲናገር ማለታችን አይደለም። 124 «ሃርድዌር ነው» ይላል እንጂ ለብቻው የትኛው ዕቃ እንደሆነ አያረጋግጥም፤ ሙቀት፣ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ ሊሆን ይችላል። «ራምዎ ተበላሽቷል» ብሎ ቢጽፍና የተበላሸው ራሙ ሳይሆን ኮንታክቱ፣ የሚሰካበት ቦታ ቢሆን፣ ሰውዬው በከንቱ ራም ይገዛል። እርግጠኛ የሆነውን በእርግጠኝነት፣ የሚጠረጥረውን በጥርጣሬ ይናገር። «ምናልባት» የምትለው ቃል እኮ አታሳፍርም።

አባቴ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበር። ተረኛው ሲወጣ ለሚገባው የሚተወው መዝገብ ነበራቸው፤ ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት ገልጬ አይቻለሁ። ምን አየሁ፣ ምን ነካሁ፣ ምን እፈራለሁ። እነዚህን ሦስቱን ሳይጽፍ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። «ምን እፈራለሁ» የምትለዋን አስተውሉልኝ። የሚገባው ሰው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የሚፈልገው እሷን ነው። ዛሬም አንድ ማስጠንቀቂያ ሳነብ ያንን መዝገብ ነው የማስበው።

ምን መደረግ እንደሌለበት መናገርም ከዚሁ ይመጣል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎረቤት አለኝ፤ አይፎኑን ዳሽቦርዱ ላይ ሰክቶ ነው የሚነዳ። የድሬን የግንቦትና የሰኔ ፀሐይ አትነግሩኝም፤ አምራቹ ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ተጠቀሙበት ነው የሚለው። ስልኩ ጠቆረና «ከመጠቀምዎ በፊት መቀዝቀዝ አለበት» አለ፤ የቴርሞሜትር ምልክትም አለበት። እንግሊዝኛ ብዙ ባይሆንለትም ሥዕሉን አይቶ ገባው። ይህ መልእክት በጣም ግሩም ነው፤ አከብረዋለሁ። ምን እንደሆነ ነገረው፣ ምን እንደሚሻለው ነገረው፣ አላስደነገጠውም። ልጁ ምን አደረገ? ጭማቂ ቤት ገብቶ ፍሪጅ ውስጥ ከተተው! ትኩስ ስልክ ድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ደግሞም ከፍሪጅ ወጥቶ ሙቅ አየር ሲያገኘው፣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። እኔ ጋ ሲመጣ እርጥበት ገብቶት ነበር። «ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት» የምትል አንድ መስመር ብትጨመር ኖሮ የሙቀት አገር ሰው ሁሉ ይጠቀምባት ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ቋንቋ ነው። ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ፤ ስላሳጠርኩት ግን ቀላል አይምሰላችሁ።

«ኤረር» የሚለውን ሁላችንም «ስህተት» ብለን እንተረጉማለን። በአማርኛ ስህተት የሚሠራው ማን ነው? ሰው ነው! «ስህተት ተፈጥሯል» ሲል ያነበበች ሴት «ምን ነካሁ?» ብላ እጇን ትሰበስባለች። እኔ ጋ ከሚመጡት ደንበኞች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ቃላቸው «እኔ ምንም አልነካሁም» ነው። ለምን ይማላሉ? ጽሑፉ ስለከሰሳቸው ነው። ለዕቃ እኮ የራሳችን ቃል አለን፤ ብልሽት። ዲስክ ይበላሻል እንጂ አይሳሳትም። ደግሞ «ፋታል»ን «ገዳይ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። እናቴ «ገዳይ ስህተት» የሚል ስክሪን ብታይ ቤቱን ለቃ ትወጣለች። «ፕሮግራሙ መቀጠል አልቻለም፤ ቆሟል» ማለት አይበቃም?

«ግን አማርኛ ባዮስ ላይ፣ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት በሚመጣው ጥቁር ስክሪን ላይ፣ አይወጣም» ትሉኛላችሁ። በከፊል እውነታችሁን ነው። የድሮው ጥቁር ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ቅርጽ ነው፤ ቢበዛ 512። እያንዳንዱ ፊደል 8 በ16 ነጥብ በሆነች ጠባብ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። የእኛ መሠረታዊ ፊደል ብቻ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ «ጨ» እና «ጬ»ን እዚያች ሳጥን ውስጥ መለየት ለዐይን ይከብዳል። ዛሬ ግን ፊደላችን ከፈረንጆቹ 1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ አለ፤ አሮጌውን ባዮስ የተካው ዩኢኤፍአይ የሚባለውም የተለያየ ቋንቋ ጽሑፍና ፊደል እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ደግሞስ ይህች ከተማ አማርኛ ብቻ ናት እንዴ? ኦሮምኛ በቁቤ፣ ሶማሊኛም ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። እነዚያን ፊደሎች የዛሬ አርባ ዓመት የተሠራ ስክሪን እንኳ ያወጣቸዋል። አዲስ ፎንት አያስፈልግም፤ ምንም አያስፈልግም። ቀፊራ ላይ የሚነግዱ እናት በቋንቋቸው «ዲስክዎ እየተበላሸ ነው» የሚል እንዳያነቡ የከለከላቸው ቴክኒክ አይደለም። ማንም አልጻፈላቸውም፤ ያ ብቻ ነው።

ኪው አር ኮድም አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ከፈረንጆቹ 2016 ጀምሮ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ወጥቷል፤ በስልክ ሲያነሱት ግን የሚወስደው አጠቃላይ ወደሆነ የእርዳታ ገጽ ነው። ሊኑክስም በ2024 ከርነሉ ሲወድቅ ኮዱ ውስጥ የብልሽቱን ዝርዝር ራሱን የሚያኖርበት መንገድ አምጥቷል። ልጆች፣ ይህ ለእናንተ በር ነው! ያንን ዝርዝር አንብቦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ የሚያስረዳ የስልክ መተግበሪያ እዚህ ድሬ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራ አድርጉት።

እኔ ሶፍትዌር አልጽፍም። የማውቀው ሰዎች ሱቄ መጥተው ምን እንደሚሉኝ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ በብዛት የሚያጋጥሙኝን አሥራ ሁለት መልእክቶች እኔ እንደምላቸው ጽፌያቸዋለሁ። የጋሼን ዲስክ መልእክት ላንብብላችሁ፦

«ሃርድ ዲስኩ እየተበላሸ ነው። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። ፋይሎችዎ ዛሬ ይነበባሉ፤ ነገ ላይነበቡ ይችላሉ። አሁኑኑ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ኮፒ ያድርጉ። ፎርማት አያድርጉ። ለጠጋኝ ይህን ቁጥር ያሳዩ፦ 197። ይህ ማስጠንቀቂያ መታየት ከጀመረ 23ኛ ቀኑ ነው።»

ከሥሩ ሁለት ምርጫ፦ «አሁን ኮፒ ላድርግ» እና «ለዛሬ ብቻ ልለፈው»። ቀኑ በየጠዋቱ ይቆጥራል፤ በየጠዋቱ አዲስ ነገር ይነበባል ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚሞላው ቦታ ባዶ ነው፤ እኔ አፌ ላይ ያለውን ያህል በጽሑፍ አልችልምና የምትችሉ እስክሪብቶ አለ፣ ሙሉልኝ። አማርኛውንም አርሙ። አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ፤ ጥያቄና መልሱን በእሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል። «ሃርድ ዲስክ» የሚለውን ቃል ብዙ እናቶች አያውቁትም፤ «ፋይል የሚቀመጥበት» ስል ይረዝማል፤ «ጎተራ» ስል ሳቁብኝ። ቤታችሁ ውስጥ እናታችሁ ምን ትለዋለች? እስቲ አንቺ ከፊት ያለሽው፤ እጅሽን ቀድመሽ ያወጣሽው፣ ማይኩን ስጧት።